ሰው የሌለበት ፋብሪካ

ባለፈው ታኅሣሥ ቡሬ ላይ የሥዕል ትርዒት አለ ተብሎ ተጠራሁ። የጠራኝ ናሆም የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ፍኖተ ሰላም ሥዕል ሳስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ደብተሩን በሙሉ በጭነት መኪና ሥዕል ይሞላ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ተምሮ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ሠዓሊ ሆኖ መጥቷል። ደስ አለኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምጠራው ለለቅሶና ለተዝካር ብቻ ስለሆነ፣ ኮቴን አስተኩሼ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከፍኖተ ሰላም እንደወጣን በመንገዱ ግራና ቀኝ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር በሚኒባሱ ያለው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ያነጥሳል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ላነጠሰው ሁሉ «ይማርህ፣ ይማርሽ» ሲሉ ቆይተው ደከማቸውና ተውት። እኔ የሽምብራ እሸት በእቅፌ ይዤ እየፈለፈልኩ ነበር። ማንኩሳ ስንደርስ ግን እንደ ልማዴ አንገቴን ወደ ቀኝ አዞርኩ። በግራ በኩል ያለውን አንድ ቦታ ላለማየት ነው። አርባ ዓመት እንዲህ አድርጌ ነው የማልፈው፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ትርዒቱ ያለው በአንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ሁሉ ፋብሪካ ነው። ቀጥ ብለው የቆሙ የብረት ጎተራዎች፣ የተጠላለፉ ቧንቧዎች፣ የተደረደሩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከኋላቸው ደግሞ የኛው ቢጫ አዝመራና የኛው ተራራ። የልጁ እጅ ጎበዝ ነው፤ አልዋሽም። የጠዋት ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ስታርፍ የምታመጣውን ነገር ይዞታል። አንዱን አየሁ፣ ሁለተኛውን አየሁ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ የሆነ ነገር ጎደለብኝ። ተመልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከዚያ ሁሉ ሥዕል ውስጥ አንድ ሰው የለም። ዘበኛ እንኳ የለም።

«ናሆም፣ ሰዉስ?» አልኩት።

«ሰው የለውም ጋሼ። ኮንሴፕቱ እሱ ነው። መስመሩና ስፔሱ ብቻቸውን እንዲናገሩ ፈልጌ ነው።»

«ጠዋት ጠዋት በዚህ በር ግር ብሎ የሚገባው ሰውስ? እዚያ ማዶ ያለው አዝመራ ራሱን በራሱ ነው የዘራው?»

ሳቅ አለ። «ሰው ከገባበት እኮ ንጽሕናው ይበላሻል፣ ጋሼ ጌታነህ። ሞደርኑ እንዲህ ነው።»

ልጁ ክፉ አይደለም፤ አክብሮ ነው የጠራኝ። ግን ይህቺን ንግግር ማንኩሳ ላይ፣ ከአርባ ዓመት በፊት፣ ቃል በቃል ለማለት ትንሽ እስኪቀራት ድረስ ሰምቻታለሁ። የሰማኋት ቀን ምን እንዳደረግሁም አውቃለሁ። «ውሸትህን ነው» አልኩት፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት። ሰው ዞር ዞር ብሎ አየኝ። የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥዕል የተማርኩት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም፣ ከመሪጌታ ፈንቴ ነው። የኔታ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። አራት ዓመት ከሰል አስፈጭተው፣ ቀለም አስበጥብጠው፣ ብራና ላይ እያሣሉ አሳደጉኝ። የሠራሁትን ይዤ ስቀርብ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይሉም። «ካየኸው ነው ወይስ ከለመድከው?» ይሉኛል። ቅዱሳንን እኛ አላየናቸውምና ከአባቶች እንደተለመደው ይሣላሉ፤ እዚያ ላይ ቅንድብ ቀንሼ ዐይን ጨምሬ ብገኝ ጉድ ይፈላል። የሚቆሙትም ታሪኩ በሚፈልጋቸው ቦታ ነው፤ በሕይወታቸው ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ነውር የለበትም። አህያ፣ ማሰሮ፣ የሰው እግር ግን ካዩት ነው የሚሣለው። አንድ ጊዜ የሆሣዕናን አህያ በልማድ ሥዬ ባመጣላቸው፣ ሜዳ ላይ ከሚግጥ አህያ ፊት ግማሽ ቀን አስቀመጡኝ። «ይኸ አህያ አንተ የሣልከውን ቢያየው ዘመዴ ነው አይልም» አሉኝ።

ከሳቸው ከተለየሁ በኋላ አዲስ አበባ አንድ ዓመት የማታ ትምህርት ተማርኩ። ሞደርን የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት እዚያ ነው፤ መስማት ብቻ ነው፣ የገባኝ ነገር አልነበረም። ተመልሼ ፍኖተ ሰላም ላይ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ሳለሁ አቶ ደምሰው አስጠራኝ። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ አንቱታውን ነስቼዋለሁ።

ይህ ሰው ማንኩሳ መንገድ ዳር የዘይት መጭመቂያ ነበረው። አገሩ ሁሉ ፋብሪካ ይለዋል፤ አንድ የናፍጣ ሞተር፣ ሁለት መጭመቂያ፣ ሞተሩን ከመጭመቂያው የሚያገናኝ ቺንጋ የሚሉት አንድ ረጅም የጎማ ቀበቶ፣ በቃ። ከጎኑ ነጋዴ የሚቀበልበት አዳራሽ አሠርቶ ነበርና ከግድግዳው አንዱ ላይ ፋብሪካው ሙሉውን ይሣልልኝ አለ። ከታች ደግሞ «ይህን ሥዕል ያሣለው አቶ ደምሰው» ተብሎ ይጻፍልኝ አለ፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን። ሥዕል የሚያሥሉ ባለጸጎች በቅዱሳን እግር ሥር ተደፍተው እንደሚሣሉት፣ እኔም ከመጭመቂያው ሥር ተደፍቼ ካልተሣልኩ አለማለቱ ራሱ አንድ ነገር ነው።

የነቢያት ጾም የገባበት ሰሞን ስለነበር ሰው ሁሉ ዘይት ፈላጊ ነው። ሞተሩ ከጠዋት እስከ ምሽት አያርፍም። ኑጉ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ያን ሰሞን የለበስኩት ሸሚዝ ስንቴ ታጥቦም አለቀቀውም። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት ከግንቡ ጥላ ሥር ነው። የተቆላ ኑግ ከጨው ጋር ወቅጠው በዳቦ እያጠቀሱ ይበሉና ለኔም ያካፍሉኛል። ከዚያ የጣፈጠ የጾም ምግብ እስከ ዛሬ አልበላሁም።

የኔታ እንዳስተማሩኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ግድግዳውን ሳልነካ፣ ደብተር ይዤ ያየሁትን ስሥል ሰነበትኩ። ሞተረኛውን ሣልኩ፣ የአቶ ደምሰው ሚስት ወንድም ነው። ጆንያ የሚሸከሙትን ሣልኩ። ከሁሉ አብዝቼ የሣልኩት ግን አጓጉሽን ነው።

አጓጉሽ ከቡሬ ገጠር ለጾሙ ሥራ የመጣች፣ ከኔ ሦስት ዓመት ያህል የምትበልጥ ሴት ነበረች። ቤተሰቧ የአዊ ነው፤ ሥራ ላይ ስትሆን በአገውኛ ለብቻዋ ታንጎራጉራለች፣ ስታወራን በአማርኛ ነው። ሥራዋ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ ከመጭመቂያው አፍ የሚወጣውን ፋጉሎ በእጇ እየጠረገች ወደ ጆንያ መክተት ነው። ፋጉሎው ትኩስ ነው፣ ቺንጋው ደግሞ ከትከሻዋ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይጋልባል። መከለያ የሚባል ነገር የለውም።

«ምኔን ነው የምትሥለው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«እጅሽን።»

«እጄ ደግሞ ምን አለው? ፋጉሎ እንጂ።»

«ፋጉሎውንም እሥለዋለሁ።»

«እንግዲያ ቀለበቴን እንዳትረሳ» አለችና እጇን አጠገቤ አምጥታ አሳየችኝ። በተክሊል ያገባችበት የመዳብ ቀለበት ነው። ሣልኩት። ቀኝ እጅ፣ ከነአምስት ጣቱ፣ ቀለበቱ በቦታው፣ መዳፉ ከመጭመቂያው አፍ ላይ፣ ከኋላው ቺንጋው። ከዚያ ሥዕሉን ወደ ግድግዳው ሳሳድገው አምስት ሰው አስገባሁ፤ መሀል ላይ እሷን አቆምኳት። መጥታ ስታየው አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «የአገሬ ሰው ቢያየኝ አጓጉሽ ጻድቅ ሆነች ይላል» አለች።

ሐሙስ ቀን ነበር፤ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከአዳራሹ ሆኜ ሞተሩ ሲንገራገጭ ሰማሁና ብሩሼን እንደያዝኩ ሮጥኩ። አጓጉሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። አልጮኸችም። ነጠላው ቀልቶ፣ እግሯ ሥር ያለው ፋጉሎም ቀልቶ ነበር። ቺንጋው ሁለት ጣት ወስዷል፤ የመሀሉንና ባለቀለበቱን። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዷት። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ሌላ ሴት ፋጉሎ ልትጠርግ በእሷ ቦታ ቆመች። እኔም ወደ ሥዕሌ ተመለስኩ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አጓጉሽ ወደ አቶ ደምሰው ሽማግሌ ላከች። የጠየቀችው ምን መሰላችሁ? ቺንጋው ቆርቆሮ ይከደንለት። እሷም ባላት እጅ ወንፊት ይዛ ትሥራ። ሁለት ነገር፣ በቃ። አቶ ደምሰው ግን ቺንጋውን ከከደነ ጥፋቱ የኔ ነው ማለቱ ሆነበት። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያወራው ሌላ ነው፤ ሴትዮዋ የተቀጠረችው ውጭ ኑግ ልትነፋ ነው፣ ማሽን አጠገብ ደርሳ አታውቅም፣ ያን ቀን በራሷ እግር ሄዳ እጇን አስገባች አለ። ሞተረኛውም ይህንኑ አለ። ሌሎቹ ሠራተኞች መሬት መሬት ያያሉ።

ነገሩን አይተው እንዲፈርዱ የተመረጡት ሽማግሌዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አቶ ደምሰው አዳራሽ መጣ። በእጁ አንድ ጥቅል የግድግዳ ካሌንደር ይዟል፤ ከአዲስ አበባ ያመጣው ነው። ገለጠና አንዱን ገጽ አሳየኝ። የፈረንጅ አገር ፋብሪካ ሥዕል ነው፤ ጭስ ማውጫ፣ ቀጥ ያለ ግንብ፣ ግራጫ ሰማይ።

«ሰው ታያለህ?» አለኝ።

«አላይም።»

«አየህ? አዋቂ ሲሥል ሰው አያስገባም። ሰው ከገባበት ይቆሽሻል። አንተ አዲስ አበባ ተምሬያለሁ ትላለህ፣ ግን ደብተራ ሆነህ ቀርተሃል። በል፣ ሰዉን አውጣልኝና ሞደርን ይሁን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እስከ ነገ ማታ ይለቅ።»

እሷን ብቻ አውጣ አላለኝም። ብልህ ሰው ነው። እሷን ብቻ ቢለኝ ምናልባት ወንድ እሆን ነበር፤ ምናልባት ነው የምለው። ሁሉንም ሲለኝ ነገሩ የሥዕል ጉዳይ ሆነልኝ። ሽማግሌዎቹ ከነገ ወዲያ እንደሚመጡ አውቃለሁ። አጓጉሽ መሀል ላይ ቆማ ፋጉሎ ስትጠርግ የሚያሳይ ግድግዳ ለማን እንደማይመች አውቃለሁ። ግን «ደብተራ ሆነህ ቀርተሃል» ያለኝ ነገር ከሁሉ በላይ አቃጥሎኝ ነበር፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ኋላ ቀር ከሚባል ምን ቢሆን ይመርጣል። በማግስቱ ግራጫ ቀለም በጠበጥኩና አምስት ሰው በአንድ ቀን አጠፋሁ። አጓጉሽ የነበረችበት ቦታ ላይ የጆንያ ክምር ሣልኩ። ጆንያዎቹ ደግሞ አምረው ወጡልኝ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? መሪጌታ ፈንቴ፣ የኔታ። አቶ ደምሰው የናቱ ወገን ቋሪት ነውና ለክብሩ ብሎ ያስመጣቸው እሱ ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬ በእግሮቼ መሀል ነው፣ የሣልኩበት ደብተር ውስጡ ነው።

አጓጉሽ እጇን በሻሽ ጠቅልላ፣ ባሏን ከኋላዋ አስከትላ ገባች። አቶ ደምሰው ያንኑ ደገመው። ሞተረኛውም ደገመለት። ከዚያ እሷ ተጠየቀች።

«አባቶቼ» አለች፣ «ካሣ አልጠየቅሁም። ቺንጋው ይከደን ነው ያልኩት፤ ነገም እዚያው ቦታ የሰው ልጅ ይቆማል። ማሽን አጠገብ አልነበረችም ለተባለው እኔ ምን እናገራለሁ፤ ግድግዳው ላይ አለሁ። ይኸ ልጅ ቆሜ ስሠራ ሥሎኛል። እዩት።»

ሁሉም ዞሩ። እሷም ዞረች። ግድግዳው ላይ ጆንያ ነው ያለው። የተሳሳተ ግድግዳ ያየች መሰላት መሰለኝ፣ ዞር ብላ ሌሎቹን ሦስቱን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። ጆንያዎቹን በጣታቸው ነኩ። ገና አልደረቀም። ጣታቸውን አዩት፤ ግራጫ ሆኗል።

«ጌታነህ» አሉኝ፣ «እዚህ ላይ ሴትዮዋ ነበረች?»

«ነበረች፣ የኔታ። ሞደርን እንዲሆን ተብሎ ሁሉም ሰው ወጣ።»

ቀጥለው የሚሉትን አውቄዋለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ስጠየቀው የኖርኩት ነው። «እዚያ ያቆምካት፣ ካየኸው ነው ወይስ ከለመድከው?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። እኛ ሠዓሊዎች ሰውን ሥዕሉ በሚፈልገው ቦታ እንደምናቆም እሳቸው ያውቃሉ። እሷ እዚያ የቆመችው ቆማ ስላየኋት ይሁን ሥዕሉን ስላሳመረችልኝ፣ ከኔ በቀር ማንም ሊናገር አይችልም። አቶ ደምሰው ወደኔ አላየም፤ ካሌንደሩን በእጁ እየጠቀለለ ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ ደብተሩን ማውጣት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

«ከለመድኩት ነው፣ የኔታ» አልኩ። «ለአቀማመጡ ብዬ ነው።»

«እንግዲያ ሥዕል ብቻ ነው» አሉና ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ተመልሰው ተቀመጡ።

ፍርዱ ተሰጠ። በራሷ እግር ሄዳ የደረሰባት ነው፣ ቂም እንዳይኖር ይታረቁ፣ አቶ ደምሰውም ለደግነቱ አንድ ጀሪካን ዘይት ይስጣት ተባለ። ዘይት! ጣቶቿን ከበላው መጭመቂያ የወጣ ዘይት። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ጀሪካኑ መጥቶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። አጓጉሽ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥታ፣ ጀሪካኑን በእግሯ እንኳ ሳትነካው ዞራ ወጣች። ባሏ ተከተላት። ጀሪካኑ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሰነበተ።

ሽማግሌዎቹን ልውቀስ እልና አይሆንልኝም። የቀረበላቸውን ነው የፈረዱት፤ ያልቀረበላቸው ነገር ከእግሮቼ መሀል ነበር። አቶ ደምሰው ግን የሚገርም ሰው ነው። በዓመቱ ቺንጋው የሞተረኛውን የኮት እጅጌ ይዞ ቦጨቀው። ክንዱ አልተነካም፤ እጅጌው ብቻ ነው። በማግስቱ ቺንጋው ቆርቆሮ ተከደነ። አንድ ቆርቆሮና የግማሽ ቀን ሥራ ነው የወሰደው። በሁለት ጣት ያልተከደነው በአንድ እጅጌ ተከደነ፣ እንግዲህ ምን ይባላል።

የኔታን ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ እያልኩ፣ ክረምቱ ይለፍ፣ ፋሲካ ይለፍ ስል አረፉ። እኔ መምህር ሆንኩ። ለተማሪዎቼ ሁሉ መጀመሪያ የማዘው አንድ ነገር ነበር፤ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው እጅ አይታችሁ ሣሉ። ናሆምም ሥሏል። ጎበዝ መምህር ነው ይሉኛል። ለምን እጅ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

የማንኩሳው መጭመቂያ ዛሬ የለም፤ ግድግዳውም ፈርሶ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ደብተሩ ግን ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ከቡሬው ትርዒት ተናድጄ በወጣሁ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቡሬ ተመለስኩ። ለናሆም አይደለም። አጓጉሽ ቡሬ ገበያ በርበሬ እንደምትሸጥ ከጥንትም አውቃለሁ። እንዲያውም ከባለቤቴ ጋር ለበርበሬ በሄድን ቁጥር፣ እዚያኛው ይሻላል እያልኩ በሌላ ረድፍ እወስዳት ነበር።

ከበርበሬው ክምር ኋላ ተቀምጣለች። ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። ቀና ብላ አየችኝና «ሠዓሊው» አለች።

«አወቅሽኝ እንዴ እትዬ አጓጉሽ?»

«ምነው ላላውቅህ? በየገበያው በማዶ ረድፍ ስታልፍ አይህ የለም እንዴ።»

ላስቲኩን ፈትቼ ደብተሩን ገለጥኩና በርበሬው አጠገብ አስቀመጥኩላት። ዝቅ ብላ አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን በልብሷ ጠረግ አድርጋ ወረቀቱ ላይ፣ በተሣለው እጅ ላይ አሳረፈችው። ሦስቱ ጣቶቿ በሦስቱ ላይ ገጠሙ። የመሀሉና ባለቀለበቱ ከሥር ብቻቸውን ታዩ።

«ልኩ ነው» አለች። «ቀለበቴንም አልረሳህም።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «የዚያን ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

እጇን አነሣች። ወረቀቱ ላይ የበርበሬ ቀይ ቀረ። «ለኔ ምን ታሳየኛለህ?» አለችኝ። «እኔ እጄን አውቀዋለሁ። ሂድና ለማያውቁት አሳይ።» ከዚያ አንዲት ገዢ ዋጋ ስትጠይቃት ወደዚያ ዞረች። ይቅር ብላኝ ይሁን ሳትለኝ አላወቅሁም፤ ደግሜም አልጠየቅኋት።

ከገበያው ወጥቼ ናሆም ዘንድ ሄድኩ። ሥዕሎቹን እያወረደ ነበር። ደብተሩን አሳየሁት፣ ታሪኩንም ነገርኩት። ሰማኝና «ጋሼ፣ ያ እኮ ሌላ ዘመን ነው፤ የኔ ሥዕል ማንንም አልበደለም» አለኝ። እንደዚያ ሊሆን ይችላል። እኔም ሥዕልህን ቅደደው አላልኩትም። አንድ ጠዋት ብቻ በሣልከው ፋብሪካ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥና ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ እየው፣ ካየህ በኋላ ሰው አታስገባ፣ ያኔ አልናገርህም አልኩት። እሺ ብሎኛል። ይሄድ እንደሆነ እንጃ።

አሁን በየሆቴሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየካሌንደሩ እንዲህ ያለ ሥዕል እያየሁ ነው። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ፣ የተወለወለ ቧንቧ፣ አንድም የሰው ጥላ የሌለበት ግቢ። ሰው ሁሉ ያምራል ይላል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የምፈልገው ከጆንያው ሥር ማን እንዳለ ነው፣ ምክንያቱም ጆንያ እንዴት እንደሚሣል አውቃለሁ።

ደብተሩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከሣጥኑ ካወጣሁት ወዲህ አልመለስኩትም። እንዳዘዘችኝ ለማያውቁት እያሳየሁ ነው፣ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። የአጓጉሽ ቀኝ እጅ ነው። አምስት ጣት አለው፣ በአራተኛው ላይ የመዳብ ቀለበት አለ፣ መዳፉ ከመጭመቂያው አፍ ላይ ነው፣ ከኋላው ያልተከደነ ቺንጋ ይሮጣል። የኔታ፣ ዘግይቻለሁ። ካየሁት ነው።